ዳልጮ ሰው አያስቸግርም

ሶዶ ውስጥ የድሮውን የቃጫ ፋብሪካ ሠራተኞች ስለ ዳልጮ ብትጠይቋቸው፣ የተማከሩ ይመስል ሁሉም አንድ መልስ ይሰጧችኋል። «ዳልጮ? ጨዋ ነው። ሰው አያስቸግርም።» ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሰው አያስቸግርም የተባለ ሰው ስንቱን ችግር ለብቻው እንደዋጠ ማንም አይጠይቅማ! እኔ ጠይቄአለሁ፤ በዓይኔም አይቻለሁ። ከወላይታ የዘመን መለወጫ፣ ከጊፋታ በዓል በኋላ ወራት አለፉ፤ ሰዉም «አሁንስ ይብቃህ፣ እርሳው» ይለኛል። አልረሳም። እንዲያውም ጽፌ አስቀምጠዋለሁ።

መክብብ እባላለሁ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሶዶ ገበያ አጠገብ ሱቅ ከፈተ፤ እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ በዚያው ሱቅ ጥግ ላይ ራዲዮና ስልክ እጠግናለሁ። ከሥራ ስወጣ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። የምጫወተው የዳልጮ ልጅ ፈጠነች ባቋቋመችው የሮክ ባንድ ውስጥ ነው። አዎ፣ ሮክ። ሶዶ ላይ። መሳቅ የፈለገ ስቆ ይጨርስና እንቀጥላለን።

ዳልጮ የተወለደው ከብረት ቀጥቃጭ ቤተሰብ ነው፤ በወላይታ ወጋቼ ከሚባሉት። የአገሩን ማረሻ፣ ማጭድና ቢላ የሚሠራው ወጋቼ ነው። አገሩም በማረሻው አርሶ፣ በማጭዱ አጭዶ፣ በቢላው ቁርጥ እየቆረጠ ሲበላ፣ ሠሪውን ከደጅ ያስቀምጠዋል። አብሮት አይበላም፤ ልጁንም አይድርለትም። እኛም ጉራጌዎቹ ብንሆን በአገራችን ቀጥቃጭና ፋቂ ላይ የምንሠራውን ስለማውቅ፣ ጣቴን በሌላው ላይ ቀስሬ ለማምለጥ አልፈልግም። ሁላችንም በአንድ ገመድ የታሰርን ነን። ገመዱ ግን የሚያንቀው እነ ዳልጮን ብቻ ነው።

ፋብሪካው የእንሰት ቃጫ እየፈተለ ጆንያና ገመድ የሚያወጣ ነበር። ከቦምቤ በኩል ቃጫው በመኪና ተጭኖ ይመጣል፤ በዚህ በር ገብቶ በዚያ በር ጆንያ ሆኖ ይወጣል። ዳልጮ ገና ጎረምሳ ሳለ ነው የተቀጠረው። መለዋወጫ ከውጭ አልመጣ ሲል፣ የተሰበረውን የማሽን ጥርስ ከብረት ቀጥቅጦና ሞርዶ ማሽኑን የሚያስነሳ ሰው ተፈለገና ተጠራ። ማሽኑን ይወደው ነበር። ባለቤቱ አገርነሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ከእኔ በፊት ያገባት አንዲት ብረት አለች» እያለች ትቀልድበት እንደነበር ፈጠነች ነግራኛለች።

የምሳ ደወል ሲደወል ሠራተኛው ሁሉ ወደ ክበብ ይገባል። ዳልጮ ዎርክሾፑ በር ላይ ተቀምጦ ከቤት ያመጣውን ይበላል። ማንም «አትግባ» ብሎት አያውቅም። «ግባ» ያለውም የለም። ጎልማሳ ሆኖ፣ ጠጉሩ ሸብቶ፣ ጡረታ እስኪቃረብ ድረስ በዚያ በር ላይ በላ። ይህንን ነው እንግዲህ ጨዋነት የሚሉት።

ከዚያ ማዳበሪያ መጣ። የእርሻውን ማለቴ አይደለም፤ ማዳበሪያው የሚመጣበትን የፕላስቲክ ከረጢት ነው፣ በይዘቱ ስም የሚጠራውን። ቀለለ፣ ዝናብ አላስገባ አለ፣ ገበሬው ጆንያን ረሳው። ፋብሪካው ዛሬ ይሸጣል፣ ነገ ይታደሳል ሲባል ኖሮ አንድ ቀን በሩ ተዘጋ። ጣሪያው ዛገ። ዳልጮም ሰፈሩ ውስጥ ብየዳ ቤት ከፍቶ ሥራውን ለልጁ አስተማረ። አሁን ከተበላ ከተማና ከሁምቦ ሳይቀር የብረት በር ሊያሠሩ ወደ ፈጠነች ይመጣሉ። በሯን ይወዱታል። ቡና ስታቀርብላቸው ግን ሁሉም ገና አሁን ጠጥተው የመጡ ናቸው።

ፈጠነች ጊታር የተማረችው ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚህ አገር ጊታር የሚያውቅ ሁሉ እዚያ ነው የሚማረው። ጎበዝ ነበረች፤ መዝሙር ያለ እሷ አይጀመርም። አብሯት የሚዘምር አንድ ልጅ ወደዳት፣ ወደደችው፣ ሊያገባት ለቤተሰቦቹ ነገረ። እናትና አባቱ «በጌታ ሁላችንም አንድ ነን» አሉ። «ግን» ብለው ቀጠሉና የቀረውን ሳይጨርሱት ተዉት። ልጁም «ግን»ን ሰምቶ ቀረ። ያ «ግን» የሚሉት ቃል በእጄ ቢገባ አንገቱን አንቄ እገድለዋለሁ።

በዚያ ሰሞን ሱቄ መጥታ «መክብብ፣ ይህ አምፕሊፋየር ድምፁን ማሻከር ይችላል?» አለችኝ። ሰው ድምፅ አጥራልኝ ብሎ ይመጣል እንጂ አሻክርልኝ ብሎ የመጣ አላውቅም። ፈታሁት፣ አበላሸሁት ማለት ይቀላል። ኤሌክትሪክ ጊታሯን ሰክታ አንዴ ስትመታው የጎረቤት ውሾች ሁሉ ተነሡ። ሳቀች። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ በዚያው ባንዱ ተጀመረ። ድራም የሚመታው እዮኤል የሁምቦ ልጅ ነው። እሱ የወላይታን ፈጣን የጭፈራ ምት ከሥር ያነጥፋል፤ ከላይ የፈጠነች ጊታር እንደ መጋዝ ይሄድበታል። እኔ መሐል ሆኜ ሁለቱ እንዳይለያዩ እይዛለሁ።

የባንዱን ስም «ወጋቼ» አለችው። እኔ ደነገጥኩ። «ስድብ እኮ ነው» አልኳት።

«ከኋላዬ በሹክሹክታ ከሚሉኝ፣ ቲኬት ቆርጠው ከፊቴ ይበሉኝ» አለች።

የምንለማመደው ፋብሪካው ውስጥ ነበር፤ የአባቷ ዎርክሾፕ ባዶውን ቆሞ ስለነበር ጥበቃው ያስገባናል። ዳልጮ አንዳንዴ ይመጣና የዛገ ማሽን ላይ ተቀምጦ ያዳምጠናል። አንድ ቀን አስተያየት ጠየቅነው። አሰብ አደረገና «ጥሩ ነው። ግን ማሽን እንዲህ ከጮኸ፣ አንድ ነገር ሊሰበር ነው» አለ። እዮኤል ከወንበሩ እስኪወድቅ ሳቀ።

ታዲያ ዓምና ፋብሪካው ድንገት ቅርስ ሆነ። እንዲህ በቀላሉ። ሲዘጋ ያልጮኸለት፣ ጣሪያው ሲሰረቅ ያላየው ሁሉ «የኢንዱስትሪ ቅርሳችን» ማለት ጀመረ። ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ግቢው ተጠረገ፣ ማሽኖቹ ቀለም ተቀቡ። በጊፋታ ሰሞን ሊመረቅ ተወሰነ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ህብረት ይባላል፤ ስም ሲያወጡ የሚደርሰውን የሚያውቅ የለም። ከረባቱን አጥብቆ አስሮ ብየዳ ቤቱ ድረስ መጣ።

«እህት ፈጠነች፣ ወጣቱን የሚስብ ዘመናዊ ነገር እንፈልጋለን። ፋብሪካና ሮክ ደግሞ ይሄዳሉ፤ በሌላው ዓለምም እንደዚህ ነው» አለ። «አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ። ስማችሁ። ለሕዝባችን አንድነት ጥሩ አይደለም። ይህ ቃል ቀርቷል፤ ሰው ሁሉ እኩል ነው። ለምን ‹የዳሞታ ጮራ› አትሉትም?»

የመበየጃ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አየችው። እኔ አሁን በመዶሻ ትለዋለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እውነቱን ለመናገር ተመኘሁም።

«ስሙን ውሰዱት» አለች።

«በጣም ጥሩ! ብልህ ነሽ!»

«በምትኩ አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ለድሮ ሠራተኞች ምሳ አለ አይደል? አባቴ ይጠራ። በር ላይ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ፤ ከጓደኞቹ ጋር ከአንድ ትሪ ይብላ። ይህን ካደረጉልኝ ‹ጮራ›ም በሉኝ፣ ‹ኩራዝ›ም በሉኝ፣ እጫወታለሁ።»

«ምን ችግር አለው እህቴ! የባለውለታዎች ጠረጴዛ አለ። አባባ ዳልጮ የመጀመሪያው ተጋባዥ ናቸው!»

እሱ ሲሄድ ጮኽኩባት። «ለአንድ ምሳ ብለሽ ስማችንን ሸጥሽው!» አልኳት። እሷ ግን ተረጋግታ «መክብብ፣ ስም መልሰን እናወጣለን። አባቴ ግን አርጅቷል። አንድ ቀን አብረውት ሲበሉ ማየት እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችኝ።  

ቀኑ ደረሰ። ዳልጮ ኮቱን አስተኩሶ፣ ጫማውን ጠርጎ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ መጣ። ዓይኑ እንደ ልጅ ይበራ ነበር። አንዱን «ሳሮ!»፣ ሌላውን «ዮዮ ጊፋታ!» እያለ በየእጁ ጨበጠ። በመጀመሪያ ጉብኝት ነበር። ህብረት እንግዶቹን በየማሽኑ እየመራ፣ ዳልጮ የቀጠቀጣቸውን እነዚያን ጥርሶች እያሳየ «ይህ የሀገር በቀል እውቀት ውጤት ነው!» ይላል። እንግዶቹ ያጨበጭባሉ፤ በስልካቸው ፎቶ ያነሣሉ። ዳልጮ ከኋላ ቆሞ አብሮ ያጨበጭባል። እውቀቱ ሀገር በቀል ተባለ፤ አዋቂውን ግን ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ጥርሴን ነክሼ የቤዜን ገመድ ስቤ ወደ መድረክ ሄድኩ።

ምሳው በድንኳን ነው። መድረኩ ከባለውለታዎቹ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ስለሆነ ሁሉንም አያለሁ። ጠረጴዛው ራስ ላይ የተቀመጠው ወልደሰንበት ነው፤ የድሮ የፈረቃ ኃላፊ፣ ድምፁ ዛሬም ፈረቃ የሚቀይር የሚመስል። ባለቤቱ ማሚቱ ከጎኑ አለች። ዳልጮን ጫፍ ላይ አስቀመጡት። በእሱና በሚቀጥለው ሰው መካከል አንድ ወንበር ባዶ ቀረ፤ ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ቆሞ ሳለ ያ ወንበር ባዶ ቀረ።

ትሪው መጣ፤ ቁርጥ፣ ዳጣ፣ ከቆጮ የተሠራ ቅቤ የጠጣ ሙቿ። ሁሉም እጃቸውን ሰደዱ። ዳልጮ እጁን ታጥቦ፣ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሰው ገበታ ላይ «ብላ እንጂ» እስኪባል ይጠብቃል፤ ወጉ ነው። ማንም ብላ አላለም። ጥቂት ቆይቶ አንዷ አስተናጋጅ ለብቻው በሳህን ጥብስ አመጣችለት። ማሚቱ «በዕድሜያቸው ጥሬ ይከብዳቸዋል ብለን ነው» አለች፣ ወለላ በመሰለ ድምፅ። ከዳልጮ በዕድሜ የሚበልጠው ወልደሰንበት አንድ ጉማጅ ጥሬ ሥጋ በጥርሱ ይዞ እየጎተተ ነበር!

ዳልጮ ጥብሱን አመስግኖ ተቀበለ። አልነካውም።

ቀጥሎ ብርዝ በብርጭቆ መታደል ጀመረ። አስተናጋጇ ዳልጮ ጋ ስትደርስ እሱ ቀድሟት እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደና አንድ ጣሳ አወጣ። እጀታ የበየደለት፣ አፉን ያለሰለሰው የራሱ ጣሳ። አስቀድሞ አስቦ፣ ከቤቱ ይዞ መጥቷል። ጠረጴዛው ዙሪያ የሁሉም ትከሻ ሲላላ አየሁ። እፎይ አሉ! ወልደሰንበት እንዲያውም ሳቀና ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ።

«አያችሁ? አላልኳችሁም? ዳልጮ ድሮም ሰው አያስቸግርም!»

ፈጠነች መድረኩ ላይ ማይክ እየሞከረች ነበር። ገመድ የሌለው ማይክ ነው፤ ያበራሁላት እኔ ነኝ። «አንድ፣ ሁለት» ስትል ቆየችና ድምፅዋ ተቋረጠ። ዞር ስል ወርዳለች፤ ማይኩን እንደያዘች በቀጥታ አባቷ ጋ ደረሰች። ከዚያ በኋላ የተባለው ሁሉ በአራቱም ማዕዘን በቆሙት ሞንታርቦዎች ወጣ።

«አባዬ፣ ይህን ለምን አመጣኸው?»

ዳልጮ ሰው ፊት በአማርኛ ነው የሚያናግራት፤ አማርኛው ደግሞ ወንድና ሴት አይለይም። «ሰው እንዳይቸገር ነው ልጄ። አንተ ሂድ፣ ዘፈንህን ዝፈን» አላት።

አልሄደችም። «ጋሼ ወልደሰንበት፣ ይቅርታ» አለችና ፊቱ የነበረውን ሙሉ ብርጭቆ አንስታ ለአባቷ ሰጠችው። «አባዬ፣ ጠጣ። ጊፋታ ነው።»

ዳልጮ ብርጭቆውን አየ። ልጁን አየ። እምቢ የሚል መስሎኝ ነበር። እስከ እኩሌታ ጠጣና በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ «ጋሼ ወልደሰንበት፣ እንካ» አለ። ወልደሰንበት ተቀበለ፤ ፈገግም አለ። ከዚያ ወሬ እያወራ፣ ማንም የማያየው መስሎት፣ ብርጭቆውን ከወንበሩ ሥር ሣር ላይ አስቀመጠ። «አንቺ ልጅ፣ ሌላ ብርጭቆ አምጪልኝ» አለ።

ዳልጮ ተነሣ። ቁመቱን ያን ቀን ነው ያየሁት፤ ሁልጊዜ ጎንበስ ብሎ ስለሚሄድ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር።

«ወልደሰንበት» አለ። ጋሼ የለም። «ስበረው።»

«ምኑን?»

«ብርጭቆውን። ያኔ ክበቡ ሲከፈት በአንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጣሁና ሰበርከው። እዚያው ፊቴ፣ ግድግዳ ላይ። ስባሪውን የጠረግሁት እኔ ነኝ። ያኔ ይሻልህ ነበር፤ ሁሉም አየ፣ እኔም አወቅሁ፣ ሁለተኛ አልገባሁም። አሁን ከወንበር ሥር ትደብቃለህ? ወይ ጠጣው፣ ወይ ስበረው።»

ትሪው ላይ የነበሩት እጆች ሁሉ ተሰበሰቡ። ከግቢው ውጪ ባጃጅ ያቆሙ ልጆች እንኳ አንገታቸውን በአጥሩ ላይ አወጡ። ህብረት ላብ በላብ ሆኖ ወደ መድረኩ ሮጠ። «ሙዚቃ! ባንዱ! ሙዚቃ ይግባ እንጂ!» አለኝ። እዮኤልን አየሁት። የድራሙን ዱላዎች ወንበሩ ላይ አድርጎ ተቀመጠባቸው። እኔም ቤዜን ከሰውነቴ አውርጄ አጋደምኩት። ሲጮኹብን የኖሩት፣ «ጆሮ በጠሱብን፣ ከተማ ረበሹ» እያሉ የሚከሱን ሁሉ ያን ቀን ጩኹልን ብለው ለመኑን። አልጮህንም። ዛሬም «ጊፋታን ያበላሹ» ይሉናል፤ ይበሉን።

ወልደሰንበት ጎንበስ ብሎ ብርጭቆውን ከሣሩ ላይ አነሣ።  ያን ቀን ብጠላውም እውነቱን እናገራለሁ፤ ሊጠጣው ነበር። ወደ አፉ እያስጠጋው ነበር። ማሚቱ እጅጌውን ያዘችው። ወደ ጆሮው ተጠግታ፣ በዝግታ ነው የተናገረችው። ፈጠነች ግን አጠገባቸው ቆማለች፤ ማይኩም በእጇ ነው።

«ኧረ ተው! ያልተዳሩ የልጅ ልጆች አሉን!»

አራቱም ሞንታርቦ እኩል ተናገረው። ድንኳኑ ሰማ፣ መንገዱ ሰማ፣ ቀለም የተቀቡት ማሽኖች እንኳ ጆሮ ቢኖራቸው ይሰሙ ነበር። ማሚቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ወልደሰንበት ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አልጠጣም፣ አልሰበረም። ቀና ብሎ ዳልጮን ለማየትም አልቻለም።

ዳልጮ ፊቱ የቀዘቀዘውን ሳህን ገፋ አደረገ። ባርኔጣውን ደፋ። ወደ ልጁ ዞረና፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት በወላይትኛ አናገራት።

«ፈጠነች፣ ርቦኛል። ቤት እንሂድ» አላት።